አንበሳ ያላየ ተጓዥ

ከአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ የተመለሰ ሰው ሁሉ አንድ የማይቀርለት ዕዳ አለበት፤ ይኸውም ከመኪና ወርዶ አቧራውን ከልብሱ ሳያራግፍ፣ የደኅንነት ሰላምታውን እንኳ በወጉ ተለዋውጦ ሳይጨርስ፣ «አንበሳ አየህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። ሙቀቱን እንዴት ቻልኸው፣ መንገዱ እንዴት ነበር፣ በዚያ በረሃ ያለው ሕዝብ በምን ያድራል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኢየሩሳሌም ደርሶ የመጣን ምእመን «መልአክ አየህን?» ብሎ አፋጥጦ የሚይዝ ሰው አይገኝም፤ መሳለሙ ብቻ ይበቃዋል። አልጣሽ የደረሰ ሰው ግን አንበሳውን ከነጎፈሩ ካላቀረበ በቀር ጉዞው እንዳልተደረገ ተቆጥሮ፣ «ታዲያ ምን ልትሠራ ሄድህ?» ተብሎ ይዘጋበታል።

እኔ በበኩሌ ጠያቂዎቼን አልቀየማቸውም፤ እኛ ኢትዮጵያውያን በአንበሳ ተከበን ያደግን ሕዝብ ነንና። ዳቦ ልንገዛ በተላክንበት ሳንቲም ላይ የአንበሳ ራስ ነበር። አዲስ አበባ የኖረው ደግሞ የአንበሳ ጫማ ተጫምቶ፣ በአንበሳ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ሲደላውም በ1940 ዓ.ም. ወደተቋቋመው የስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ጎራ ብሎ፣ የአራዊቱ ንጉሥ በሽቦ አጥር ውስጥ ሲያዛጋ አይቶ ተመልሷል። ነገሥታቱም ማኅተማቸውን «ሞዓ አንበሳ» ብለው ቀርጸውታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ዓይናችንን ያስለመደው የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሰውነታቸው በጠጉር ተሸፍኖ፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ በቀኝና በግራቸው ስልሳ አናብስትና ስልሳ አናምርት አጅበዋቸው ሲቆሙ ያላየ የተዋሕዶ ልጅ የለም። እነዚያ አናብስት ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ መልሰው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ ሊቆጠሩ ዝግጁ ሆነው ነው የሚቆሙት። ከሣር መካከል ተሸሽጎ የጅራቱ ጫፍ ብቻ የሚታይ አንበሳ የሣለ ሠዓሊ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እንግዲህ እንዲህ ሆኖ ያደገ ሰው በረሃ ሲወርድ አንበሳው ወጥቶ እንዲቀበለው ቢጠብቅ ምን ይፈረድበታል?

አልጣሽ የሚገኘው በምዕራብ ጎንደር ዞን በቋራ ወረዳ፣ የሱዳንን ድንበር ተንተርሶ ነው። የአማራ ክልል መንግሥት በ1998 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ አድርጎ የከለለው ይህ ምድር 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ520 እስከ 920 ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ከጎንደር ደጋ የተነሣ መንገደኛ ጋቢውን አውልቆ፣ ኮቱን አውልቆ፣ በመጨረሻም የሚያወልቀው አጥቶ የሚደርስበት አገር ነው። ከድንበሩ ወዲያ ማዶ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ይቀጥላል። ወንዞቹ ፓስፖርት ሳይጠየቁ ከእኛ ወደ እነሱ ይፈስሳሉ፤ ዝሆኖቹም እንደ ወቅቱ ወዲህና ወዲያ ይላሉ፤ የቋራ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው የገለጉ ስም እንኳ ድንበር ተሻግሮ በዲንደር ፓርክ ውስጥ ላለ ሰፈር መጠሪያ ሆኗል።

ይህ አገር በዓለም ጋዜጦች ላይ የወጣው በጥር 2008 ዓ.ም. ነው። ሐንስ ባወር የተባለ የአንበሳ ተመራማሪ የመራው ቡድን በአልጣሽ በረሃ ካሜራ ከዛፍ ጋር አስሮ፣ ዱካ ለክቶ፣ አንበሳ መኖሩን በፎቶግራፍ አረጋገጠና በአልጣሽና በዲንደር በጠቅላላው ከ100 እስከ 200 የሚደርሱ አንበሶች ሳይኖሩ እንደማይቀር ገመተ። ጋዜጦቹም ዜናውን የማይታወቅ አንበሳ ተገኘ በሚል መንፈስ አወጡት። ጥጃውን፣ ፍየሉንና አህያውን ለዚሁ አንበሳ ሲገብር የኖረው የቋራ እረኛ አንበሳው «መገኘቱን» ሲሰማ ምን ያህል ደስ እንዳለው ለአንባቢ ፍርድ እተወዋለሁ። ሳይንስ ምስክር ይፈልጋል፤ ካሜራ ደግሞ አይፈራም፣ አያጋንንም፣ ጉቦም አይበላም፤ ስለዚህ ከእረኛ ይልቅ ይታመናል።

እኔና አንድ ወዳጄ ወደዚያ የወረድነው መንገዱ ሰላም በነበረበት ዘመን፣ በየካቲት ወር ነው። ወዳጄ በጎንደር ከተማ ታሪክ የሚያስተምር፣ ብዙ ያነበበ፣ ትንሽ የተጓዘ ሰው ሲሆን፣ ለበረሃው ጉዞ ያዘጋጀው ጓዝ ነጭ ሸሚዝ፣ ሽቶ፣ ጥቁር ጃንጥላ፣ ብዙ ቆርቆሮ ሳርዲንና ከአንድ ጡረታ ከወጡ መቶ አለቃ የተዋሰው መነጽር ነበር። መነጽሩ አንደኛው ዓይኑ ደብዛዛ ስለሆነ በእርሱ ሲያዩ ዛፍ ሁሉ ጥንድ ይሆናል። ወዳጄ ግን ይህን ጉድለት በበጎ ተረጎመውና፣ «አንድ አንበሳ ብናይ ሁለት ይሆንልናል» አለ። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ከጎንደር ተነሥተን፣ አይከልን አልፈን፣ በነጋዴ ባሕር በኩል ቁልቁል ወርደን ገንዳ ውሃ ገባን። ይህችን ከተማ ሸህዲ እያሉ የሚጠሯት ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። ዛሬ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ስትሆን፣ ሰሊጥ የጫነው ከባድ መኪና፣ ጀላቢያ የለበሰው ነጋዴ፣ ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ የወረደው የቀን ሠራተኛና ባጃጁ በአንድ አስፋልት ላይ ሲጋፉ ይውሉባታል። አስፋልቱ ወደ ምዕራብ ሲቀጥል ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ወደወደቁባት ወደ መተማ ዮሐንስ ያደርሳል። ሙቀቱ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ እኛ በደረስን ጊዜ ገና ልምምድ ላይ ነበር። ሕዝቡ ማታ የጠፍር አልጋውን ወደ ደጅ አውጥቶ በከዋክብት ሥር ይተኛል፤ ቤት የሚተኛው ዕቃው ነው።

ወዳጄ ቤርጎ እንደያዝን የመጀመሪያ ጥያቄው «ሙቅ ሻወር አለ?» የሚል ሆነ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው ይህን ጊዜ ትዝ አለኝ። የቤርጎዋ ባለቤት፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ነጠላቸውን በወገባቸው የታጠቁ ሴት፣ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አስደግመው ከሰሙ በኋላ፣ «ልጄ፣ እዚህ አገር ቀዝቃዛ የሚባለው ነው የሚጠፋው፤ ሙቁ በቧንቧው ሳይጠሩት ይመጣል» አሉት። እውነታቸውን ነበር፤ ከቧንቧው የወጣው ውሃ ሻይ ለማፍላት ጥቂት ብቻ የቀረው ነው።

ማታ ከርከዴ አቅርበውልን ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁን። አልጣሽ አንበሳ ልናይ ነው አልናቸው። እትዬ ብርጭቆውን ከፊታችን አስቀምጠው እጃቸውን በጉንጫቸው ላይ አደረጉ።

«ገንዘብ ከፍላችሁ?»

«አዎን፣ እትዬ።»

«ወንድሜ እዚያው ቋራ ከብት አለው። እርሱ አንበሳውን እንዳያየው እሳት እያነደደ ያድራል፤ እናንተ ልታዩት ትከፍላላችሁ። ምነው እናንተን አስቀድመን ባወቅናችሁ፤ እሳቱን ትታችሁ ከከብቶቹ መካከል ትተኙለት ነበር።»

በማግሥቱ በመንገድ ላይ ወዳጄ ታሪክ ማስተማሩን ቀጠለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የጎንደር ቤተ መንግሥት የዚህ ቆላ ክፍል የሆነውን የራስ ኤልፊልን ግዛት ሾሞት እንደነበር፣ ሹመቱንም ጎንደር ተቀምጦ እንደተቀበለና ግዛቱን በሚገባ ያየው እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ ወደ ሴናር ሲያልፍ እንደሆነ ነገረኝ። ስለ ሳሙኤል ቤከርም ነገረኝ፤ ይህ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1862 በመተማ ገበያ በኩል አልፎ ወደ ራሃድና ወደ ዲንደር ወንዞች የወረደ፣ የሚያየውን አውሬ ሁሉ በብዕር ከመመዝገቡ በፊት በጠመንጃ የሚመዘግብ ሰው ነበር። እኔም በልቤ አሰብሁ፤ የዚያን ጊዜው ተጓዥ አንበሳ አየህ ወይ ሲባል ቆዳውን ይዘረጋ ነበር፤ የዛሬው ስልኩን ይዘረጋል፤ የሚዘረጋው የሌለው ግን በሁለቱም ዘመን ከንቱ ሰው ነው።

የቋራ መንገድ በክረምት የሚታሰብ አይደለም። ምድሩ ዋልካ ነው፤ ዝናብ ሲነካው መኪናውን እስከ ሆዱ ይውጠዋል፤ በበጋ ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ሰሊጡ በጥቅምትና በኅዳር ታጭዶ አልቋልና ማሳው ባዶ ነበር። የሽንፋን ወንዝ ስንሻገር በአሸዋው መካከል እዚህና እዚያ የቀረ ኩሬ እንጂ የሚሄድ ውሃ አልነበረውም። በዚህ ወንዝ ዳር የተደረገ የሥነ ቅርስ ጥናት እንደሚለው፣ የዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ፣ በሱማትራ ደሴት ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የዓለምን አየር ባወከበት ዘመን፣ እዚህ የነበሩ ሰዎች ወንዙ ሲደርቅ በቀሩት ኩሬዎች ዳር ተቀምጠው ዓሣ ያወጡ፣ የሰጎን እንቁላል ይበሉ፣ የቀስት ጫፍ የሚመስል ትንንሽ ድንጋይም ይጠርቡ ነበር። ይህን ለወዳጄ ስነግረው ለአፍታ ዝም ካለ በኋላ፣ «ሳርዲን ልክፈት ወይ?» አለኝ።

ከገለጉ ወዲያ የተሰጠን አጃቢ የፓርኩ ስካውት፣ የቋራ ተወላጅ፣ ቀጭን፣ በረባሶ የተጫማ፣ ክላሽንኮቩን እንደ አንካሴ በትከሻው አጋድሞ የሚሄድ ጎልማሳ ነበር። የቋራ ሰው እንደመሆኑ ስለ መይሳው ካሳ ሲያወራ የትላንት ጎረቤቱን የሚያማ ይመስል ነበር፤ ካሳ ሸፍቶ በቋራ በረሃ ሳለ ማን እህል እንዳቀበለው፣ ማን እንዳሳበቀበት፣ ሁሉን ያውቃል። ስለ አንበሳ ግን ብዙ አይናገርም። ስንጠይቀው «አለ» ይላል። የት? «እዚሁ።» መቼ አየኸው? «አልፎ አልፎ።» የቆላ ሰው በቃል አይባክንም።

ከደረቀው የወንዝ ወለል ስንደርስ ግን ስካውቱ እጁን አንሥቶ አቆመንና በአሸዋው ላይ ተንበረከከ። ዱካ ነበር። አራት ጣት፣ ከበስተኋላው ሦስት እብጠት ያለው ሰፊ ተረከዝ፣ የጥፍር ምልክት የሌለው። «ጅብ ቢሆን ጥፍሩን በአሸዋው ላይ ይተው ነበር፤ ይኼ ሰይፉን በሰገባው አድርጎ የሚሄድ ነው» አለ። ከዚያም በጣቱ ጫፍ፣ ሳይነካ፣ አንዲት ቀጭን መስመር አሳየኝ፤ ጢንዚዛ በሌሊት ያለፈችበት መንገድ ነው። መስመሯ እስከ ዱካው ጠርዝ ትመጣለች፤ ዱካው ውስጥ ትጠፋለች፤ ከወዲያኛው ጠርዝ ትቀጥላለች። እንግዲህ ጢንዚዛዋ ቀድማ፣ አንበሳው ተከትሎ አልፏል ማለት ነው፤ ነፋሱም ጠርዙን ገና አልበላውም። «ንጋት ላይ ነው» ሲል ፈረደ። በአንደኛው የጣት ጉድጓድ ውስጥ አንዲት ጉንዳን ወድቃ ሽቅብ ለመውጣት ስትታገል፣ አሸዋው ከእግሯ ሥር እየተናደ ይመልሳት ነበር።

ወዳጄ በዚህ መካከል መጠኑን ለማሳየት ጫማውን ከዱካው አጠገብ አድርጎ ፎቶግራፍ ሊያነሣ ሲሞክር፣ «ጋሼ፣ እግርዎን ያንሡ፤ እየደመሰሱት ነው» ተባለ። በፎቶግራፉ ላይ ዛሬ የሚታየው የወዳጄ ጫማ ነው፤ በጣም ግልጽ ሆኖ ወጥቷል።

«አሁን የት ይሆናል?» ብዬ ስካውቱን ጠየቅሁት።

በዳርና ዳር የቆመውን ደረቅ ሣርና ሽመል ቃኘት አደረገና፣ «እኛን ያየን ይመስለኛል» አለኝ።

ሰው ሲዝት «ነብር አየኝ በል!» ይላል። አባቶቻችን ይህን ዛቻ ሲያወጡ ማን ማንን እንደሚያይ በሚገባ ያውቁ ነበር፤ ነብር አየሁ በል ብሎ የዛተ የለም። መነጽር አንግቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ በረሃ የሚገባ ሰው ሊያይ የሄደ ይመስለዋል፤ በሣሩ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ግን ከግማሽ ሰዓት በፊት በአፍንጫው አይቶት ጨርሷል።

ከሰዓት በኋላ ከአንድ ኩሬ ዳር፣ ዲዛ ከሚሉት ወገበ ሰፊ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። ጅግራዎች ተሰልፈው መጡ፤ ጠጡ፤ ተሰልፈው ሄዱ። ከርከሮ ከነልጆቹ መጣ፤ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ሸሸ። ዝንጀሮዎች ከማዶው ዳር ተቀምጠው እኛን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱን፤ ከመካከላቸውም አንዱ ሽማግሌ፣ በእኛ ላይ የሚታይ ነገር እንደሌለ ባረጋገጠ ጊዜ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ቅማሉን ማስለቀም ጀመረ። ወዳጄ በመነጽሩ ሁለት ሁለት እያደረገ ሁሉንም ይቆጥር ነበር። ይህን መሰል አውሬ ሁሉ «ሌላ ሌላ» ይባላል፤ አንበሳ ባላየ ሰው ሪፖርት ውስጥ ስም የለውም።

ስም የሌለው ሌላም አለ። በአልጣሽና በመተማ ቆላ ጠፍ በሆነው ቀይ ድንጋያማ ኮረብታ ላይ የእጣን ዛፍ ቆሟል። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ይቆማል፤ ቅርፊቱ ቀጭን ብራና ሆኖ እየተላጠ በነፋስ ይንሿሿል። እጣን አውጪው መንጋፍ በሚባለው ስለታም ብረት ቅርፊቱን ጥቂት ይፍቅና ይሄዳል፤ ከቁስሉ ነጭ ወተት ያዥና በቀን ሐሩር ይረጋል፤ ከቀናት በኋላ ተመልሶ የረጋውን ይሰበስብና ቁስሉን ያድሳል። ስካውቱ ከአንድ ግንድ ላይ የረጋ ጠብታ ላቅቆ በመዳፌ አኖረልኝ። ውጪው ዱቄት የነካው ይመስል ደብዛዛ፣ ውስጡ ጥሩ ብርሌ፣ ገና ለስላሳ፤ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው በረሃው ጠፋና ከነሙቀቱ ቅዳሴ ውስጥ ቆሜ ተገኘሁ። ካህኑ ጽናውን እያወዛወዘ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲባል የምንሸተው፣ እናቶቻችንም ከቡናው ረከቦት ጎን የሚያጨሱት ይኸው ነው።

በመተማ የእጣን ዛፎች ላይ ተሠርቶ በ2004 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ የእጣኑ ምርት በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ፣ የዛፉም ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ ከመቶ ዘጠና እጁ እንደሚጠፋ አስልቷል። ምክንያቱም ዘሩ ስለማይበቅል አይደለም፤ ይበቅላል፤ ግን ችግኙን በየዓመቱ የበጋ እሳት ይለበልበዋል፣ ከብት ይግጠዋል፤ አሮጌውን ደግሞ ግንድ የሚበሳ ጢንዚዛ ይጥለዋል። ሽማግሌ ብቻ የቀረበት ሰፈር ሆኗል፤ ሕፃን የለበትም። ስካውቱ ሥራው ምን እንደሆነ ስጠይቀው «እሳት ማጥፋት» ነበር ያለኝ፤ አንበሳ መጠበቅ አላለም። ማር ቆራጩ ንቡን ለማባረር ያቀጣጠለው ጭስ ያመልጠዋል፤ ማሳ የሚመነጥረውም ያቃጥላል፤ በበጋ ከድንበር ማዶ ከብታቸውን እየነዱ የሚገቡት ፈላታዎችም፣ የእኛው አገር ከብት አርቢዎችም ሣሩን ይሻማሉ፤ ይህን ሁሉ በእግሩ እየዞረ ተው የሚለው ይህ በረባሶ የተጫማ ሰውና ጥቂት ጓደኞቹ ናቸው። ስለ እጣኑ ዛፍ «አየኸው ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ለነገሩ ዛፍ አያገሳም።

ማታ ከስካውቶቹ ማደሪያ አጠገብ፣ እሳት አንድደን ደጅ ተኛን። ወዳጄ አጎበሩን ዘርግቶ፣ የሽቶውን ግማሽ ለትንኝ መከላከያ አውሎ፣ ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ፤ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ እርሱ ነው፤ ስለዚህም ውለታውን አልረሳለትም። ሌሊቱ ሲጋመስ ከወንዙ በስተምዕራብ ግሣት ተሰማ። በስድስት ኪሎ ግቢ የሰማሁት በአጥር ተቆራርጦ የደረሰኝ ነበርና ይህን አይመስልም። ይኼኛው በመጀመሪያ ከመሬት ነው የመጣው፤ የጠፍር አልጋው ጠፍር በጀርባዬ ሥር ነዘረ፤ ቀጥሎ ረጅሙ፣ ቀጥሎም እያጠረ፣ እያጠረ የሚሄድ የትንፋሽ ድምፅ ሆነ። ከእሳቱ ወዲያ የተኛው ስካውት ቀና እንኳ ሳይል፣ «ሩቅ ነው፤ ወንዙን ተሻግሯል» ብሎ ወደ ሌላ ጎኑ ዞረ።

ወዳጄን ቀሰቀስሁት። ከአጎበሩ ውስጥ ራሱን ቀና አደረገ፤ የመጨረሻውን ትንፋሽ ሰማ፤ «ጄኔሬተር ነው፤ አሁን ያጠፉታል» አለኝና ተመልሶ ተኛ።

በመልሱ ጉዞ አንድ ነገር ታዘብሁ፤ ይኸውም መንገዱ ሽቅብ በወጣ ቁጥር የወዳጄ አንበሳ አብሮ ማደጉ ነው። ገለጉ ላይ ሻይ ስንጠጣ ለሻይ ሻጯ «ድምፁን ሌሊቱን ሁሉ ስንሰማ አደርን» አላት፤ የጄኔሬተሩን ነገር ለማስታወስ ጨዋነቴ ከለከለኝ። ገንዳ ውሃ ላይ ለእትዬ «ዓይኑ በእሳቱ ብርሃን ሲንቦገቦግ» ብሎ ጀመረ፤ እትዬ ሒሳባችንን እየደመሩ ስለነበር ቀና አላሉም፤ «ከብት ነክቷል?» ብለው ብቻ ጠየቁ፤ አልነካም ሲላቸው መደመራቸውን ቀጠሉ። ነጋዴ ባሕር ላይ አንበሳው ጎፈር አበቀለ፤ ያውም ጥቁር ጎፈር።

አይከል ስንደርስ የደጋው ብርድ መለስ ብሎ ስለነካን፣ ጋቢያችንን ተከናንበን ከአንዲት ቡና ቤት ገባን። ከጎናችን ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ ከወዴት እንደመጣን ጠየቀ፤ ወዳጄም የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር። በዚህ ጊዜ አንበሳው ብቻውን አልነበረም፤ ሴቲቱ ከነደቦሎቿ መንገዱን ስታቋርጥ፣ መኪናችንን አቁመን፣ ሞተር አጥፍተን፣ ትንፋሻችንን ውጠን ነበር። ቡና ቤቱ ጸጥ አለ። ሁለተኛው ስኒ በነጻ መጣልን።

ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ አንድ አዛውንት፣ የሰሙትን ሁሉ በአንክሮ ካዳመጡ በኋላ፣ ስኒያቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«እርስዎ ረጋ ያሉ ሰው ይመስላሉ» አሉኝ፤ «እግዚአብሔር ያሳይዎ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እኝህ ሰው ሦስት ደቦል አየሁ ይላሉ። እንዲያው እውነት ሦስት ነበሩ?»

ወዳጄ ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑን ከጭሱ ላይ ሳያነሣ ይጠብቃል። ሌሎቹም ይጠብቃሉ። እኔም ጥቂት አሰብሁ።

«የለም፣ አባቴ» አልኋቸው፤ «ወዳጄ ትንሽ ማጋነን ይወዳል። ሁለት ነበሩ።»